በፍላሽ ከመዞር ወደ ራሳችን ሪፖ፦ ሌላው እንዳይደክምበት

ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ተቋረጠ። ያ ሰሞን ለብዙ ሰው ከባድ ሐዘን የነበረበት ነው። የኔ የሥራ ጭንቀት ከዚያ ጋር አይወዳደርም። ግን የምነግራችሁ ታሪክ የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ቢሮ ስንገባ 14 አዳዲስ ላፕቶፖች ከነካርቶናቸው ጠረጴዛዬ ሥር ተደርድረው ጠበቁኝ። ለአዲሱ በጀት ዓመት ቅርንጫፍ መድረስ ነበረባቸው።

ኡቡንቱ የተባለውን ኦፕሬቲንግ ሲስተም ከፍላሽ ጫንኩ። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ቆመ። የአማርኛ ፊደሉ፣ የማተሚያው ሾፌር፣ የብድር መመዝገቢያ ፕሮግራማችን የሚፈልጋቸው ላይብረሪዎች፣ ሁሉም የሚመጡት ከውጭ ሰርቨር ነው። ኢንተርኔቱ ደግሞ ሦስት ሳምንት ገደማ አልተመለሰም።

የምሠራው በአንድ የቁጠባና ብድር ተቋም ውስጥ ነው፤ የሲስተም አስተዳዳሪ ነኝ። ያኔ 9 ቅርንጫፎችና ወደ 180 የሚጠጉ ኮምፒዩተሮች ነበሩን። የራሳችን ፕሮግራም በታደሰ ቁጥር ፋይሉን ፍላሽ ላይ ገልብጠን ወደ ደሴ፣ ወደ ጅማ፣ ወደ ሐዋሳ ለሚሄድ ሰው እንሰጣለን። ፍላሹ ይጠፋል፤ ቫይረስ ይዞ ይመለሳል፤ ወይም መንገድ ላይ ሳለ ሌላ አዲስ እትም ይወጣል። አንድ ቀን የደሴዋ ባልደረባዬ ደውላ፣ «እህቴ፣ ይሄ የላክሽው አዲሱ ነው ወይስ ያለፈው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። የትኛው ኮምፒዩተር ላይ የትኛው እትም እንዳለ የሚያውቅ ሰው በተቋሙ ውስጥ አልነበረም።

ያን ሐምሌ ለራሴ አንድ ነገር ወሰንኩ። የምንፈልገው ሶፍትዌር ሁሉ ቤታችን ውስጥ ይቀመጣል፤ ኮምፒዩተሮቹም ከእኛው ሰርቨር ይወስዳሉ። ይህ ነው ሪፖዚተሪ የሚባለው፤ እኛ ባጭሩ ሪፖ እንለዋለን። ፓኬጆች (ለመጫን የተዘጋጁ የፕሮግራም ፋይሎች) የተከማቹበት፣ ምን እንዳለ የሚናገር ማውጫ ያለውና ማውጫው በፊርማ የታሸገ ቦታ ነው። ኡቡንቱ ላይ ፕሮግራም የሚጭነውና የሚያድሰው አፕት መጀመሪያ ማውጫውን ያነባል፤ ከዚያ የሚያስፈልገውን ይወስዳል። ሰርቨሩን ለማቆም ግማሽ ቀን ይበቃል። እኔ ግን በትክክል እስኪሠራ ሁለት ዓመት ተኩል ፈጀብኝ። የፈጀብኝ ቴክኒኩ አልነበረም። ምን ይግባ፣ መቼ ይውጣ፣ ማን ይፈርም፣ ማን ይወቅ የሚሉትን ጥያቄዎች ስላልጠየቅኩ ነው።

የመጀመሪያው ስህተቴ ስስት ነበር። ኢንተርኔቱ እንደተመለሰ፣ «ዳግም ቢቋረጥስ?» ብዬ ሁሉንም ላውርድ አልኩ። 500 ጊጋባይት ዲስክ ያለው አሮጌ ሰርቨር ላይ አፕት-ሚረር የሚባለውን ፕሮግራም ጫንኩ። የኡቡንቱን ሁለት እትሞች፣ የ18.04ንም የ20.04ንም፣ አራቱንም ክፍሎች፣ ሜይን፣ ሪስትሪክትድ፣ ዩኒቨርስ፣ መልቲቨርስ፣ አዘዝኩ። ከነምንጭ ኮዳቸው፣ ከነባለ 32 ቢቱ። መሥመሩን ሠራተኛ እንዳይቸገርበት ማታ ማታ ብቻ እንዲያወርድ አደረግኩ። ቸኩዬም የዋናውን መሥሪያ ቤት 40 ኮምፒዩተሮች ሥራው ሳያልቅ ወደ እሱ አዞርኳቸው።

በአሥራ አንደኛው ሌሊት ዲስኩ ሞላ። ማውጫዎቹ በግማሽ ተጽፈው ቀሩ። ጠዋት 40ዎቹ ኮምፒዩተሮች አፕዴት ሲሞክሩ «ሃሽ ሰም ሚስማች» የሚል ስህተት አወጡ። ይህን መልእክት ሪፖ የሚያስተዳድር ሰው ሁሉ አንድ ቀን ያየዋል። ማውጫው ስለ ፋይሉ የሚለውና ፋይሉ ራሱ አልተስማሙም ማለት ነው። ኮምፒዩተሩ አልተበላሸም፤ ሪፖው ግን ግማሽ ላይ ነው።

አሥራ አንድ ሌሊት የፈጀውን ውርድ ደምስሼ እንደገና ጀመርኩ። በዚህኛው ዙር መጀመሪያ ማድረግ የነበረብኝን አደረግኩ። ከየኮምፒዩተሩ የተጫኑትን ፓኬጆች ዝርዝር አስወጥቼ አንድ ላይ አዋሃድኩ። ኡቡንቱ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ፓኬጆች አሉት። እኛ የምንጠቀመው 2,300 ያህሉን ብቻ ነው። ከዚያ አፕትሊ ወደሚባለው መሣሪያ ዞርኩ። አፕትሊ «እነዚህን ብቻ፣ ከነጥገኞቻቸው» ብላችሁ እንድታወርዱ ያስችላል። ጥገኞች ስል አንድ ፕሮግራም ያለ እነሱ የማይሠራባቸውን ሌሎች ፓኬጆች ማለቴ ነው። ይህን ማጣሪያ ስትጽፉ «ከነጥገኞቻቸው» የምትለውን አማራጭ እንዳትረሱ። 500 ጊጋባይት ያልበቃው ነገር ወደ 40 ጊጋባይት ወረደ።

ከ20 ያነሱ ኮምፒዩተሮች ያሏችሁ፣ ሁሉም አንድ ሕንፃ ውስጥ ከሆኑና የራሳችሁ ፕሮግራም ከሌላችሁ፣ ይህ ሁሉ ላያስፈልጋችሁ ይችላል። አፕት-ካቸር-ኤንጂ የሚባል አለ። አንድ ኮምፒዩተር ያወረደውን ፓኬጅ ይዞ ያቆይና ለሌላው ይሰጣል። በር 3142 ላይ ይሠራል፤ ማዋቀሩ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው። ገደቡን ግን እወቁት። ማንም አውርዶት የማያውቀው ፓኬጅ እሱ ጋ የለም። ኢንተርኔት ሲጠፋ የሚያድናችሁ ቀድሞ ባለፈበት ነገር ብቻ ነው።

ሁለተኛው ስህተቴ ፊርማውን መዝለሌ ነው። አፕት ያልተፈረመ ሪፖ አይቀበልም። ነገር ግን ኮምፒዩተሩን «ይህን ሪፖ ሳትጠይቅ እመነው» የሚያሰኝ፣ ትረስትድ የሚባል አማራጭ አለ። እኔም «የውስጥ ኔትወርክ ነው፣ ማን ይነካዋል» ብዬ እሱን አበራሁ። አራት ወር እንዲያው ቆየ። የገንዘብ ተቋም ነን። ከኔትወርካችን ጋር አንድ ላፕቶፕ ያገናኘ ሰው ሰርቨራችንን መስሎ የፈለገውን ፕሮግራም 180 ኮምፒዩተሮች ላይ በሙሉ ሥልጣን መጫን ይችል ነበር። ምንም አልደረሰም። ዛሬም ሳስበው ግን ይጨንቀኛል።

የፊርማውን አሠራር ቀድሜ ብረዳው ኖሮ አልዘለውም ነበር። ሪሊስ የሚባል አንድ ፋይል አለ። በውስጡ የማውጫዎቹ አሻራ፣ ማለትም ከፋይሉ ይዘት የሚሰላ መለያ፣ ተጽፏል። ማውጫዎቹ ውስጥ ደግሞ የእያንዳንዱ ፓኬጅ አሻራ ተጽፏል። ስለዚህ ሪሊስ ላይ አንድ ፊርማ ካኖራችሁ ከሥሩ ያለው ሁሉ ይታሰራል። የሚፈረመው ጂፒጂ በሚባል የፊርማ ፕሮግራም በሚፈጠር ቁልፍ ነው። ምስጢራዊው ቁልፍ እናንተ ጋ ይቀራል፤ ይፋዊው ለኮምፒዩተሮቹ ይታደላል። በታኅሣሥ 2013 ቁልፍ ፈጠርኩ፤ ዕድሜውን ሁለት ዓመት አልኩት። ይህችን ቀን ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

ቁልፉን ስታድሉ በድሮው አፕት-ኪ አትጠቀሙ። እሱ ቁልፉን ለሁሉም ሪፖ የሚሠራ ያደርገዋል። የእናንተ ቁልፍ የኡቡንቱን ሪፖ ማረጋገጥ የለበትም፤ የኡቡንቱም የእናንተን። ቁልፉን ለብቻው ፋይል አድርጋችሁ፣ በሪፖው አድራሻ መሥመር ላይ ሳይንድ-ባይ በሚለው አማራጭ ከዚያ ሪፖ ጋር ብቻ እሰሩት። ደግሞ ሪፖውን ለመጀመሪያ ጊዜ ስታትሙ፣ ማለትም ፈርማችሁ ለኮምፒዩተሮቹ ስታወጡት፣ ኦሪጂንና ሌብል የሚሉትን መስኮች የተቋማችሁን ስም ሰጥታችሁ ሙሏቸው። በኋላ ብትቀይሯቸው አፕት «ይህ ሪፖ ማንነቱን ቀይሯል» ብሎ ሰው እስኪያረጋግጥለት ይቆማል። ራሱን በራሱ የሚያድሰው አናተንድድ-አፕግሬድስም ከእናንተ ሪፖ እንዲወስድ የምታደርጉት በዚሁ ኦሪጂን ነው። ሳትነግሩት የራሳችሁን ሪፖ ዞር ብሎ አያየውም።

አሁን እጅግ ወዳስደነገጠኝ ቀን ልምጣ። ጥር 2013 የወር መጨረሻ ነበር። የደሴ፣ የሐዋሳና የአንድ ሌላ ቅርንጫፍ 11 ኮምፒዩተሮች የብድር መመዝገቢያቸው ጠፋ። ፕሮግራሙ አልተበላሸም፤ የለም። በቦታው የማያውቁት ሌላ ፕሮግራም ተቀምጧል። ተበዳሪ ተሰልፏል፤ ሒሳብ ሹሙ ስልኩን አይዘጋም። ቫይረስ መስሎኝ ቅርንጫፎቹን ከኔትወርክ አስነቀልኩ።

ቫይረስ አልነበረም። ለፕሮግራማችን ያወጣነው ስም ሌጀር ነበር፤ እትሙም 1.4። ኡቡንቱ ውስጥ በዚሁ ስም የሚጠራ፣ ከእኛ ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው የሒሳብ ፕሮግራም አለ። እትሙ 3 ነጥብ ምናምን ነው። አፕት ደግሞ ስማቸው አንድ ከሆነ ትልቁን እትም ይመርጣል፤ ሥራው ነው። ሥሩን ስፈልግ ያስገባሁት እኔው ሆኜ ተገኘሁ። ማጣሪያውን የሠራሁት ከኮምፒዩተሮቻችን ዝርዝር ላይ ነው። ዝርዝሩ ውስጥ የእኛው ሌጀር ነበረ። አፕትሊም በታዘዘው መሠረት የኡቡንቱን ሌጀር አውርዶ አስቀመጠው።

ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ በየካቲት፣ አሌክስ ቢርሳን የተባለ የደኅንነት ተመራማሪ አንድ ጽሑፍ አወጣ። ትልልቅ ኩባንያዎች በውስጥ የሚጠቀሙባቸውን ፓኬጆች ስም እየፈለገ፣ በተመሳሳይ ስም የራሱን ፓኬጅ ይፋዊ ሪፖዎች ላይ አኖረ። የእሱ ኮድ አፕልንና ማይክሮሶፍትን ጨምሮ ከ35 በላይ ድርጅቶች ውስጥ ገብቶ ሠራ። እሱ ያደረገው በፈቃድና ለማስጠንቀቅ ነው። የፓይተንና የጃቫስክሪፕት ሪፖዎች ላይ የተደረገ ነው እንጂ አፕት ላይ አይደለም። ሐሳቡ ግን እኛ ላይ የደረሰው ያው ነው። ጽሑፉን ሳነብ እጄ ቀዘቀዘ። እኛ ላይ ሆን ብሎ የመጣ ሰው አለመኖሩ ብቻ ነው ያተረፈን።

ስለዚህ የራሳችሁን ፓኬጅ ስም በተቋማችሁ አጭር ስም አስጀምሩት። ዛሬውኑ። ሁለት መቶ ኮምፒዩተር ላይ ከተጫነ በኋላ ስም መቀየር ምን ያህል አድካሚ እንደሆነ እኔ ልመስክር። ከዚያ በፒኒንግ ለሪፖአችሁ ከፍ ያለ ቅድሚያ ስጡት። የተለመደው ቅድሚያ 500 ነው። 1000ን ስታልፉ አፕት ዝቅተኛ እትም እንኳ ቢሆን የእናንተን ይመርጣል፤ ወደ ኋላም ይመልሳል። ይህ ኃይለኛ ነገር ስለሆነ ለራሳችሁ ፓኬጆች ብቻ አድርጉት። ለሁሉም ብትሰጡት ከኡቡንቱ የሚመጣ የደኅንነት ጥገና ሊታገድባችሁ ይችላል።

ስለ እትም ቁጥርም አንድ ነገር ላክል። ከፕሮግራመሮቻችን አንዱ እትሙን በቀን ይሰይም ነበር፤ መጀመሪያ ቀኑን፣ ከዚያ ወሩን። አፕት 30.04ን ከ05.05 የበለጠ አድርጎ ያየዋል። አዲሱ እትም ማንም ጋ ሳይደርስ ቀረ። በቀን መሰየም ከፈለጋችሁ ዓመቱን አስቀድሙ። አንድ ጊዜ የወጣን እትም ደግሞ በዚያው ቁጥር ቀይራችሁ አታስገቡ፤ አንዲት ፊደል ብታርሙ እንኳ ቁጥሩን ከፍ አድርጉ።

ወደ ሚያዝያ 2013 ስንደርስ ሪፖው በደንብ ይሠራ ነበር። ደስ ብሎኝም ነበር። በየሰኞው ከኡቡንቱ አዲሱን አወርዳለሁ፤ በዚያው ጠዋት ለሁሉም አትማለሁ። አንድ ሰኞ ያወጣሁት አፕዴት ከደረሰኝ ማተሚያችን ጋር አልተስማማም። እስከ እኩለ ቀን ዘጠኙም ቅርንጫፎች ደረሰኝ ማተም አቃታቸው። ካርኒ በእጅ ይጻፍ ተባለ። አለቃዬ በእርጋታ፣ «የባለፈውን ሳምንት መልሺልንና በኋላ ታጣሪዋለሽ» አለኝ። የምመልሰው ነገር አልነበረኝም። ቦታ ለመቆጠብ ብዬ ያለፈውን ሳምንት ስናፕሾት በየጊዜው እሰርዝ ነበር።

ስናፕሾት ማለት ሪፖው በአንድ ቀን የነበረው መልክ ነው፤ እንደ ፎቶ። አፕትሊ አንዱን ፋይል ሁለት ጊዜ አያከማችም። ስለዚህ አሥር ስናፕሾት ብታስቀምጡ የሚጨምረው የተቀየሩት ፓኬጆች ብቻ ናቸው። ቆጠብኩ ያልኩት ቦታ ሁለት ጊጋባይት እንኳ አይሞላም ነበር። ለዚያ ብዬ ዘጠኝ ቅርንጫፍ አስቆምኩ።

ሌላም የተማርኩት አለ። ሪፖውን ወደ ኋላ መለስኩ ማለት ኮምፒዩተሮቹ ተመለሱ ማለት አይደለም። አፕት አዲሱን አንዴ ከጫነ፣ ሪፖው ላይ አሮጌውን ቢያይ ዝም ብሎ ያልፈዋል። ለመመለስ ለዚያ ፓኬጅ ለጊዜው ከ1000 በላይ ፒን ማድረግና ሲያበቃ ማንሳት አለባችሁ። ይህን ችግር በሌለበት ቀን አንድ ጊዜ ተለማመዱት። ተበዳሪ ተሰልፎ ሳለ አይለመድም።

ከዚያ ወዲህ ማንኛውም አፕዴት ሦስት ደጃፍ ያልፋል። መጀመሪያ የአይቲ ክፍሉ አምስት ኮምፒዩተሮች ላይ አንድ ሳምንት ይቆያል። ከዚያ ወደ አንድ ቅርንጫፍ ይሄዳል፤ ለዚህ ሐዋሳን መረጥን፤ ሠራተኞቹ ችግር ሲያዩ ወዲያው ስለሚደውሉ ነው። እዚያም ሳምንት ይከርማል። ከዚያ ለሁሉም። የሚታተመው ቀድሞ የተሞከረው ያው ስናፕሾት ነው፤ በመሃል አዲስ ነገር አይጨመርበትም። ከወሩ 25ኛ ቀን እስከ ወር መባቻ ምንም አይወጣም። ይህን የመጨረሻውን ሕግ የጠየቁን ሒሳብ ክፍሎች ናቸው፤ ትክክል ነበሩ።

ሕጉ መውጫ በር እንደሚያስፈልገው ያሳየን ጥር 17 ቀን 2014 ዓ.ም. ነው። ፓውንኪት የተባለው ቀዳዳ ያን ቀን ይፋ ሆነ። ፖልኪት በሚባል፣ ሁሉም ኡቡንቱ ላይ ባለ ፓኬጅ ውስጥ ከ12 ዓመት በላይ የቆየ ነው። ማንኛውም ተራ ተጠቃሚ ሙሉ ሥልጣን እንዲይዝ ያስችላል። ኡቡንቱ ጥገናውን በዚያው ቀን አወጣ። በእኛ ሕግ ግን ቅርንጫፎች ጋ የሚደርሰው ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ያውም በወር መጨረሻው እገዳ ላይ ነው። አለቃዬ ቢሮ ገብቼ፣ «ይህ አይጠብቅም» አልኩት። ያን ቀን ካለፈው ስናፕሾት ላይ ያቺን አንዲት ፓኬጅ ብቻ ቀይረን፣ አምስቱ ኮምፒዩተሮች ላይ ሁለት ሰዓት አይተን፣ ማታ ለሁሉም አወጣናት። አፕትሊ ስናፕሾቶችን ማዋሃድና አንድ ፓኬጅ ብቻ መሳብ ይችላል። አሁን ፈጣኑ መንገድ በጽሑፍ አለ። ማን እንደሚወስን፣ ስንት ሰዓት እንደሚሞከር፣ ለማን እንደሚነገር ተቀምጧል።

የቅርንጫፎቹን መሥመር ያቃለለው ደግሞ ቀላል ዘዴ ነው። በየቅርንጫፉ አንድ ርካሽ ትንሽ ኮምፒዩተር ከዩፒኤስ ጋር አስቀመጥን። ሌሊት አርሲንክ በሚባል የመገልበጫ ፕሮግራም ከዋናው ይገለብጣል፤ ቀን ለጎረቤቶቹ ይሰጣል። ቅደም ተከተሉን ግን ልብ በሉ። መጀመሪያ ፓኬጆቹ፣ መጨረሻ ላይ ማውጫዎቹና ፊርማው። እኛ በመጀመሪያ ሁሉንም ባንዴ ስንገለብጥ መብራት በሄደ ቁጥር ያቺ ሃሽ ሰም ሚስማች ትመለሳለች። ቅደም ተከተሉን ስናስተካክል መብራት ቢሄድም ቅርንጫፉ የትናንቱን ሙሉ ሪፖ ይዞ ያድራል።

አዲስ ላፕቶፕ ማዘጋጀት አሁን 40 ደቂቃ ነው። በራሱ ምንም የሌለው፣ ሌሎችን ግን የሚጠራ አንድ ፓኬጅ ሠራን። እሱን ሲጭኑት አቢሲኒካ የተባለው የአማርኛ ፊደል፣ የማተሚያው ሾፌር፣ የቢሮ ፕሮግራሙና የራሳችን የብድር መመዝገቢያ ተከትለው ይገባሉ። የደሴዋ ባልደረባዬ ያለ እኔ ትሠራዋለች።

ወደዚያች የታኅሣሥ ቀን ልመለስ።

በታኅሣሥ 2015 የወሊድ ፈቃድ ወጣሁ። በአዋጅ 1156/2011 መሠረት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ነው። ከመውጣቴ በፊት ሁሉን ያስተካከልኩ መስሎኝ፣ «እስክመለስ ምንም አታትሙ፣ ሁሉም ደህና ነው» ብዬ ሄድኩ። የቁልፉን ዕድሜ ረስቼው ነበር። ከወጣሁ በአምስተኛው ቀን ጊዜው አለፈበት።

ማንም አላወቀም። የሚከፋው ይሄ ነው። የፊርማው ጊዜ ሲያልፍ አፕት አይጮህም። «ማረጋገጥ አልቻልኩም፣ የድሮውን ማውጫ እጠቀማለሁ» የሚል ማስጠንቀቂያ ጽፎ ይቀጥላል። ጽሑፉ ማንም የማያነበው መዝገብ ውስጥ ይገባል። ኮምፒዩተሮቹ ይሠራሉ፤ ፕሮግራሙ ይከፈታል። ግን አንድም ኮምፒዩተር አንድም ጥገና አያገኝም። ስድስት ሳምንት እንዲያ ሆኖ ቆየ።

በጥር መጨረሻ ስልኬ ጮኸ። ከወለድኩ 11ኛ ቀኔ ነው። እናቴ ገንፎ ይዛ አጠገቤ ቆማለች። ባልደረባዬ ነው። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» አለ፤ ስለ ልጄ ጠየቀ። ከዚያ ዝም አለ። «እህቴ፣ በዚህ ሰዓት መደወል አልነበረብኝም። አንድ አስቸኳይ ጥገና ልናወጣ ነበር፣ መፈረም አይቻልም ይለናል። ፓስወርዱን የሚያውቅ ሰው የለም።»

የቁልፉ ፓስወርድ እኔ ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ነበር። ምስጢራዊው ቁልፍም ሰርቨሩ ላይ ብቻ፣ ያለ ቅጂ። ልጄን ደረቴ ላይ አቅፌ ፓስወርዱን በስልክ ፊደል በፊደል ነገርኩት። አሠራሩንም አንድ በአንድ። የቁልፉን ዕድሜ አራዘመ፤ ግን የተራዘመው ቁልፍ ኮምፒዩተሮቹ ጋ መድረስ አለበት። ኮምፒዩተሮቹ ደግሞ ሪፖውን ማመን አቁመዋል። በሪፖው መላክ አይቻልም። ብዙዎቹን አንሲብል በሚባል፣ ብዙ ኮምፒዩተሮችን ባንዴ በሚያዝ ፕሮግራም ከርቀት ደረሱባቸው። 31 ኮምፒዩተሮች ግን ቀሩ። ለእነሱ ቁልፉ በፍላሽ ተላከ፤ በ2012 እንደነበረው፣ ሰው እየፈለግን። እኔ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ስልክ ላይ ነበርኩ። ከልጄ ጋር ልሆንባቸው የሚገቡ ቀናት ነበሩ።

እባካችሁ ይህን አንብባችሁ ዛሬ አንድ ነገር ብቻ ብታደርጉ የቁልፋችሁን ማብቂያ ቀን እዩ። ከዚያ ሦስት ወር ቀደም ብሎ የሚያስታውስ ነገር ከአንድ በላይ ሰው ካላንደር ላይ አስገቡ።

ከፈቃድ ስመለስ ቁልፉን እንደገና ፈጠርነው፤ ፓስወርዱ በስልክ ስለተነገረ የድሮውን ማመን አልቻልንም። ዋናው ቁልፍ ሰርቨር ላይ አይቀመጥም። ሁለት ፍላሽ ላይ ሆኖ በሁለት የተለያዩ ካዝናዎች ውስጥ ነው። ሰርቨሩ ላይ ያለው ከእሱ የወጣ የመፈረሚያ ንዑስ ቁልፍ ብቻ ነው። ቢሰረቅ እሱን ሽረን ሌላ እናወጣለን። ፓስወርዱ በታሸገ ፖስታ ካዝና ውስጥ አለ፤ ፖስታው ሲከፈት ሁለት ሰው ይፈርማል። ይፋዊው ቁልፍ ደግሞ ራሱ ፓኬጅ ሆነ። ስንቀይር አዲሱ ቁልፍ በአሮጌው ተፈርሞ ቀድሞ ይላካል። ሁሉም ጋ መድረሱ ሲረጋገጥ ብቻ በአዲሱ መፈረም እንጀምራለን። እያንዳንዱ ኮምፒዩተርም በተሳካ ሁኔታ ያደሰበትን የመጨረሻ ቀን በየማለዳው ይልካል። ሰባት ቀን ያለፈው በቀይ ይታያል። ይህች ሰንጠረዥ በ2015 ብትኖር ስድስቱ ሳምንት አንድ ሳምንት ይሆኑ ነበር።

የምንሠራውን ሁሉ በአማርኛ ጽፈን አትመን ሰርቨሩ ክፍል ውስጥ አስቀምጠነዋል፤ ሪፖው ሲወድቅ ሰነዱም አብሮ እንዳይጠፋ። በየሦስት ወሩ አንድ ሌላ ሰው ሪፖውን ያትማል። እኔ ከኋላ ወንበር ላይ እቀመጣለሁ፤ አልናገርም። የማልናገረው ሰነዱ ላይ የጎደለው እንዲታየን ነው። በመጀመሪያው ቀን 14 ቦታ ጎደለ።

የ20.04 መደበኛ ድጋፍ በግንቦት 2017 ሲያበቃ ወደ 24.04 ተሻገርን። አዲሱን ሪፖ ከማጣሪያው ጀምሮ እስከ ፊርማው ያቆመችው የደሴዋ ባልደረባዬ ናት። ለእሷ ብዬ ያደረግኩት አንድ ነገር ቢኖር የዲስኩን መጠን እንድታይ ማስታወስ ነው፤ እሱንም ቀድማ አይታው ነበር። የመጨረሻው ቅርንጫፍ በተሻገረ ማግስት ሰንጠረዡን ከፍተን አብረን አየን። ከ214 ኮምፒዩተሮች 212ቱ አረንጓዴ ነበሩ። አንዱ ለጥገና የተላከ ነው። ሌላው ጅማ ውስጥ መሳቢያ ውስጥ የተቆለፈ፣ ማንም የማይነካው ላፕቶፕ ነው። የድሮውን ቁልፍ እንደያዘ ነው። «ነገ ጠዋት አውጥተው ያብሩት» ብላ ስልኳን አነሳች።